ሕፃኑን ይዞ መዝለል

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ያደገ ወጣት «ሱፕ» የሚል ጽሑፍ ያለባትን የእጅ ጌም ሳያያት አይቀርም። መዳፍ የምታህል፣ ቀይ ወይም ነጭ ወይም ሰማያዊ ፕላስቲክ ናት፤ ሳጥኗ ላይ «400 በ1» ተብሎ ተጽፎባታል። ከቻይና ተነሥታ በመርካቶ በኩል ወደ እኛ ትመጣና ከቻርጀርና ከስልክ ቀፎ ጎን ተደርድራ ትሸጣለች። ባትሪዋ ቢኤል-5ሲ የሚባለው፣ በድሮው ኖኪያ ስልክ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ይህ ለእኛ ሰፈር ቀላል ነገር አይደለም። መብራት ሲጠፋና የጌሙ ባትሪ ሲያልቅ የአባትን ስልክ ከፍቶ ባትሪውን መበደር ይቻላል፤ አባት ስልካቸውን እስኪፈልጉ ድረስ።

በውስጧ ያሉት ጨዋታዎች በአብዛኛው ከሠላሳ ዓመት በፊት ለፋሚኮም፣ ማለትም ለጃፓኑ የኒንቴንዶ ማሽን፣ የተሠሩ ናቸው። እዚያ የገቡትም ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ተገልብጠው ነው። ሌላም ጉድለት አላት፤ የደረስንበትን አታስቀምጥም። ሰባተኛው ደረጃ ላይ ሳለን ባትሪው ካለቀ ነገ የምንጀምረው ከአንድ ነው። የወለጋ ልጅ ከመብራት መጥፋት ጋር እየታገለ ማርዮን ጨርሷል ስላችሁ ቀላል ትዕግሥት እንዳይመስላችሁ።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ከእነዚያ 400ዎቹ ውስጥ ስለሌለ፣ አብዛኞቻችሁም ስሙን ሰምታችሁት ስለማታውቁ አንድ ጌም ነው። «ባይብል አድቬንቸርስ» ይባላል። ወደ ቤታችን የመጣው በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በአጎቴ ሻንጣ ውስጥ ነው። አጎቴ በልጅነቱ ከሀገር ወጥቶ ሚኒሶታ ያደገ ሰው ነው። (ሚኒሶታ ለወለጋ ሰው ሩቅ ሀገር አይደለም፤ ጎረቤት ሁሉ አንድ ዘመድ አለው።) ያኔ ከክርስቲያን መጻሕፍት መደብር የተገዛለትን ካሴት እስከ ዛሬ አስቀምጦት ኖሯል። ጨዋታውን ከዚያው ከራሱ ካሴት ወደ ሚሞሪ ገልብጦ፣ ሚሞሪ በምትቀበል ትንሽ የእጅ ጌም ላይ ጫነውና «ለሰንበት ትምህርት ልጆችህ» ብሎ ሰጠኝ።

የጌሙ አመጣጥ ራሱ ለወጣት ክርስቲያን መወያያ የሚሆን ነው። በካሊፎርኒያ «ከለር ድሪምስ» የሚባል ትንሽ ድርጅት ነበረ። ኒንቴንዶ በዚያ ዘመን ለማሽኑ የሚሠራ ጌም ሁሉ በእርሱ ፈቃድ ብቻ እንዲወጣ ይፈልግ ስለነበር፣ ያልተፈቀደ ካሴት ሲገባ ማሽኑን የሚቆልፍ ቺፕ ውስጡ አስቀምጦ ነበር። ከለር ድሪምስ ቺፑን በኤሌክትሪክ ግፊት ለቅጽበት የሚያደነዝዝ ካሴት ሠራ። ካሴቱ ሠራ፤ ገበያው ግን አልሠራም። ሱቆቹ ያልተፈቀደ ጌም ከሸጡ ኒንቴንዶ የራሱን ዕቃ እንዳይከለክላቸው ይፈሩ ነበር። ታዲያ ድርጅቱ ኒንቴንዶ ምንም ሊያስፈራራቸው የማይችሉ ሱቆችን ፈለገ፤ አገኘም። የክርስቲያን መጻሕፍት መደብሮች ናቸው። እነርሱ ድሮውንም የኒንቴንዶ ዕቃ አይሸጡም ነበርና የሚከለከሉት ነገር አልነበራቸውም። «ዊዝደም ትሪ» የሚባለው የመንፈሳዊ ጌሞች ስም እንዲህ ተወለደ፤ «ባይብል አድቬንቸርስ»ም እ.ኤ.አ. በ1991 ወጣ። ከሠሪዎቹ መካከል አማኝ ያልሆኑም ነበሩ።

ይህን ለወጣቶች ኅብረታችን ስነግራቸው ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። እኔ ከሚስቁት ወገን ነኝ፤ የሳቅሁት ግን በኋላ በሠሩት በሌላው ጌም ነው። ድርጅቱ ቀደም ሲል በስኬትቦርድ እየተንሸራተተ ወደ ፍቅረኛው ስለሚሄድ ጎረምሳ የሚያወሳ ጌም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1995 ያንኑ ጌም ወስደው ጎረምሳውን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ አደረጉት፤ ፍቅረኛይቱንም የሰንበት ትምህርት አስተማሪ አደረጓት። መዝለሉም፣ መንሸራተቱም፣ መንገዱም ያው ነው። ስሙና ልብሱ ተቀየረ እንጂ ጌሙ ዳግም አልተወለደም። በቤተ ክርስቲያንም አንዳንድ ጊዜ የምናየው ነገር ስለሆነ ብዙ አልፈርድባቸውም፤ የዓለሙን ዜማ ወስዶ ግጥሙን ብቻ የሚቀይር መዘምር ማን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ወደ «ባይብል አድቬንቸርስ» ልመለስ። ሲከፈት ሦስት ምርጫ ያሳያል፤ የኖኅ መርከብ፣ ሕፃኑ ሙሴ፣ ዳዊትና ጎልያድ። ሦስቱም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው፤ ሮጦ፣ ዘሎ፣ አንድ ነገር አናት ላይ ተሸክሞ ማድረስ። ኖኅ እንስሳትን ይሰበስባል። ላሟን ብድግ አድርጎ አናቱ ላይ ያወጣታል፤ በላይዋ ሌላ እንስሳ ይደርባል፤ ከዚያ ምንም እንዳልያዘ ሰው ይሮጣል። 600 ዓመት የሞላው ሽማግሌ መሆኑን ለልጆቹ ስነግራቸው ሳቁ ማቆሚያ አጣ። ዳዊት በግ ይሸከማል፤ ከአንበሳ ይሸሻል፤ ጎልያድ ጋ የሚደርሰው ከብዙ ልፋት በኋላ ነው። ሙሴን ግን የምትሸከመው እኅቱ ናት። ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

እውነቱን ለመናገር ጌሙ ጥሩ ጌም አይደለም። ገንዘብና ጊዜ እንዳነሰው ከመጀመሪያው ደቂቃ ያስታውቃል። ሙዚቃው አንድ ቁራጭ ዜማ ነው፤ ይዞራል፣ ይዞራል። ዝላዩ ከጣት ጋር አይስማማም፤ ቁልፉን ተጭኖ የሚያስብ ይመስላል። ከዚህ በፊት ማርዮን የተጫወተ ልጅ ልዩነቱን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ከልጆቹ አንዱ በመጀመሪያው ቀን «ይሄ የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው እንዲህ የሚያስቸግረው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። እኛ አማኞች «ለጌታ ነው» ካልን በኋላ ሥራው ቢንሻፈፍ ግድ የለንም። ድምፁ የማይሰማ የመዝሙር ካሴት፣ ያልተጠና የገና ድራማ፣ ቀለሙ የሚለቅ የኮንፈረንስ ቲሸርት። ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ የጥበብ መንፈስ ስለሞላበት ጌታ እየሰበክን (ዘጸአት 31) ለእርሱ በሚሠራው ላይ መቆጠባችን አይገባኝም። ሀገራችን ውስጥ ከገበሬ የምታመልጠውን ዶሮ ይዞ «ኩኩሉ» የሚባል የስልክ ጌም የሠሩ ወጣቶች አሉ፤ ሥራቸው ንጹሕ ነው። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታጠኑ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ስታነቡ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉ።

ከጌሙ ሁሉ ያከራከረን ግን ጥቅሱ ነበር። በየመንገዱ የድንጋይ ጽላት ተቀምጧል፤ ሲነኩት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ የተጫዋቹም ጉልበት ይሞላል። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፣ ሁላችንም ኦቦ እያልን የምናከብራቸው፣ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ልጆቹ ሲጫወቱ ከበሩ ቆመው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠሩኝ። «ጌም ኃጢአት ነው አልልህም» አሉኝ። «እኔ በልጅነቴ ገበጣ ስጫወት ከብት ጠፍቶብኝ ተገርፌያለሁ፤ የጨዋታን ነገር አውቀዋለሁ። ግን ተመልከት። ልጁ ቃሉን ያነበዋል ወይስ ይለቅመዋል?»

ልክ ነበሩ። ማንም አያነበውም ነበር። ጽሑፉ ሲመጣ ልጆቹ የሚያዩት ጉልበት መሙላቱን ነው፤ ቶሎ ቁልፉን ተጭነው ያልፉታል። እንግሊዝኛም ስለሆነ ቢያነቡትም ለብዙዎቹ ትርጉም የለውም። እንግዲህ ከኦቦ ጋር ተነጋግረን አንድ ሕግ አወጣን። ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት ብቻ፤ ጽላት የነካ ልጅ ጌሙን አቁሞ ያንኑ ጥቅስ ከአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ አውጥቶ ለሁሉም ያነባል፤ ካላገኘው ተራው ለሚቀጥለው ይተላለፋል። መጀመሪያ አጉረመረሙ። ከአንድ ወር በኋላ ግን ምዕራፍና ቁጥር በማግኘት የሚበልጣቸው አልነበረም።

በነቀምቴ ይህን ማድረግ ለእኔ ከጨዋታ በላይ ነው። የአፋን ኦሮሞን መጽሐፍ ቅዱስ የሰጡን ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት የተወሰዱ ሰዎች ናቸው። ኦኔሲሞስ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን እጅ ተማረ፤ አስቴርም በዚያው በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት አደገች። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በግእዝ ፊደል ታተመ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥተው እዚሁ አስተማሩ። የዛሬ ልጆች የሚያነቡት በቁቤ ነው፤ መንገዱን የጠረጉት ግን ከቤታቸው ተነጥቀው የሄዱ ሁለት ልጆች ናቸው። ይህን ለልጆቹ ስተርክላቸው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ምንም ሳይል የሚሰማኝ አንድ ልጅ ነበረ።

የአክስቴ ልጅ ነው። ስሙን አልጽፍም። በ2011 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ከካማሺ ዞን ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈናቅሎ ወደ ወለጋ ሲመጣ ከመጡት ውስጥ ነው። ያኔ 10 ዓመቱ ነበር፤ እኅቱ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። በሌሊት ሲወጡ አባት አያቱን ደግፎ፣ እናት ዕቃና እህል ተሸክማ፣ ሕፃኗን እርሱ ጀርባ ላይ አሰሩለት። በጨለማው ከወላጆቹ ተለያየ። ሳሲጋ የደረሰው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ነው፤ እናቱ ያገኘችው በማግሥቱ ማታ ነበር። ከዚያ ወደ እኛ ቤት መጡ። አያትየው ከጥቂት ወራት በኋላ አረፉ። ቤታችን ጠባብ ቢሆንም ሁለቱ ልጆች እኔ ክፍል ውስጥ ተኙ፤ ትንሿ ሌሊት በተገላበጠች ቁጥር እርሱ ቀድሞ ይነቃ ነበር።

ልጁ አይናገርም ነበር ማለት አይደለም። «ብላ» ሲሉት ይበላል፣ «ውኃ ቅዳ» ሲሉት ይቀዳል፣ «አዎ» እና «አይ» ይላል። ከዚያ ያለፈ ግን የለም። ትምህርት ቤት ገባ፤ ፈተናውንም አለፈ፤ አስተማሪዎቹ ጨዋ ልጅ ነው አሉ። እማዬ ግን «ጨዋነት አይደለም ይሄ» ትል ነበር።

ከጌሙ ጋር የተገናኘው እንደማንኛውም ልጅ ተራውን ጠብቆ ነው። ኖኅን አልፈለገም፣ ዳዊትንም አልፈለገም። ሕፃኑን ሙሴን መረጠ። እዚህ ላይ ጨዋታውን በደንብ ላስረዳችሁ። ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው የሙሴን እኅት ማርያምን ነው። (ዘጸአት 2፥4 ስሟን አይጠራም፤ እኅቱ ብቻ ይላታል፤ ስሟ የሚመጣው በኋላ ነው። ወንድሟ ምን እንደሚሆን ልታይ በሩቁ መቆሟን ግን ይነግረናል።) በጌሙ ግን በሩቁ አትቆምም። ሕፃኑን አንሥታ በሁለት እጇ አናቷ ላይ ይዛው በፈርዖን ሰዎች መካከል ትሮጣለች። ሰይፍ የላትም። ሠሪዎቹ ጨዋታውን የተዉበት መንገድ ደግሞ አስገራሚ ነው፤ ሕፃኑን መወርወር ይቻላል፤ ቢወረወር ምንም አይሆንም። እንዲያውም ሕፃኑን የሆነ ቦታ ጥላችሁ ባዶ እጃችሁን እስከ መጨረሻው መሄድ ትችላላችሁ። እዚያ ስትደርሱ ጌሙ ጥሩ ሠርታችኋል፣ ሙሴን ግን ረስታችሁታል የሚል መልእክት ያወጣና ይመልሳችኋል።

በዓለም ላይ ይህን ጌም የሚያውቁ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚስቁበት ይህ ነው፤ እኛም ጋ እንደዚያው ነበር። ልጆቹ ሙሴን እንደ ኳስ ይወረውሩት ነበር። ወርውረው ይከተሉታል፣ አንሥተው ደግመው ይወረውሩታል። በዚያ መንገድ ቶሎ ይደረሳል፤ ብልሃት ነው፤ አልከለከልኋቸውም።

እርሱ ግን አንድም ጊዜ አልወረወረም። ሕፃኑን ይዞ ዘለለ። ወደቀ። ደግሞ ይዞ ዘለለ። ሌሎቹ በሦስት ደቂቃ የሚያልፉትን ቦታ ተራው እስኪያልቅ ይታገለዋል። «ወርውረው! ወርውረው እንጂ!» ይሉታል ከግራና ከቀኝ። እንዳልሰማ ይሆናል። ለአራት ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። በአምስተኛው ልጆቹ ሄደው እኔና እርሱ ወንበር ስንሰበስብ ድንገት «ይህን የሠሩት ሰዎች ልጅ ተሸክመው አያውቁም» አለኝ።

«ለምን?» አልሁት።

«በእጅ አይያዝም። በእጅ ከያዝከው ወዲያው ይዝልሃል። በጀርባ ነው። ደግሞ እርሷ አትደክምም።»

ወንበሩን አስቀምጬ ቁጭ አልሁ። እርሱም ቁጭ አለ። የዚያን ሌሊት መንገድ የነገረኝ ያኔ ነው። ሁሉን እዚህ ማስፈር መብቴ አይደለም። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ፤ ፈቅዶልኛል። አንድ ቦታ ላይ አብረውት ከሚሄዱት ሰዎች አንዱ «ልጅቷን ለአንዷ ሴት ስጥና ፍጠን» ብሎታል። ሰውየው ክፉ አልነበረም አለኝ፤ ለእርሱ አዝኖ ነው። እርሱ ግን እናቱ ስታገኘው «የት አለች?» እንደምትል ያስብ ነበር። ስለዚህ አልሰጠም። «ብሰጣት ምን ትሆን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መልስ አልጠበቀም። ከዚያ ተነሥተን ወንበሮቹን ጨረስን።

እኔ ትልቅ መንፈሳዊ ምክር አልሰጠሁትም። ቢሰጡት ኖሮ እንዲህ ያለውን ልጅ ብዙ ሰው መክሮታል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እቤት ውስጥ መናገር ጀመረ፤ መጀመሪያ ስለ ጌሙ፣ ቀጥሎ ስለ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ስለ ሁሉም ነገር። ጌሙ ፈወሰው አልልም። ጌታ በምን እንደሚሠራ እኔ አልወስንለትም፤ ያየሁትን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር አባትየው የቡና ለቀማ ሥራ ለመፈለግ ወደ ቄለም ወለጋ ሄደ። እዚያ ቡናው ደርሶ ሰው ይፈለግ ነበር። በየሁለት በሦስት ቀኑ ማታ ማታ ይደውላል። ታኅሣሥ 24 ቀን በቄለም፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። እኛ ጋ ነቀምቴ ኢንተርኔቱ ቢጠፋም ከተማ ውስጥ ስልክ ይሠራ ነበር። ግን ከአንድ ወገን ብቻ የሚሠራ ስልክ ምን ይጠቅማል? አክስቴ ማታ ማታ ትደውላለች፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ይላታል፤ ትዘጋለች። በዚያ ወቅት ከዴዴሳ ማዶ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር። መናኸሪያ ሄደን ከደምቢ ዶሎ የመጣ መንገደኛ እንጠይቃለን። ወረቀት ጽፈን በሾፌር እንልካለን። መልስ የመጣላቸው ነበሩ፤ ለእኛ አልመጣም። ረቡዕ በጸሎት ፕሮግራም የጸሎት ርዕስ ሲሰበሰብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሰው ስም ነበር፤ ማን ከየት ድምፁ እንደጠፋ።

ልጁ በእነዚያ ወራት ብዙ ተጫወተ። ከቅዳሜ ውጭ ለማንም የማልሰጠውን ጌም ለእርሱ ሰጠሁት፤ አስተማሪ እንዲህ አያዳላም የምትሉኝ ካላችሁ አልከራከርም። ማታ እናቱ ስልኩን ስታነሣ እርሱ ሙሴን ያነሣል። እርሷ ስትዘጋ እርሱም ይዘጋል። አንድ ማታ የጌሙ ባትሪ አለቀ። ያችም ጌም የምትሠራው በዚያው በቢኤል-5ሲ ነው፤ በቤቱ ደግሞ ቢኤል-5ሲ ያለው የእናቱ ስልክ ብቻ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ይበደር ነበር። የዚያን ጊዜ ግን ስልኩን እጁ ላይ ይዞ አየውና መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ምናልባት ይደወል ይሆናል ብሎ።

መጋቢት 7 ቀን በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙም ሳይቆይ የቅዳሜው ፕሮግራማችንም ቆመ። መጋቢት 22 ቀን ስልኩ ተለቀቀ። ሰዉ ሁሉ ሜዳ ላይ ወጥቶ በየአቅጣጫው ሲጮህ ትዝ ይለኛል፤ ስልክ ሲያናግር የሚጮኸው ሰው ያኔ እልፍ ነበር። እኛ ጋ ያን ቀን አልተደወለም። በማግሥቱም አልተደወለም። አክስቴ እህል መቅመስ አቆመች። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ከማናውቀው ቁጥር ተደወለ፤ አባትየው ነበር። ስልኩን ሸጦት በሰው ስልክ ነው የደወለው። ከእናትየው ጋር ትንሽ አወራ፤ አብዛኛው ልቅሶ ነበር። ከዚያ ልጁን አቅርቡልኝ አለ። ልጁ ሥራዬ ብሎ ጌሙን ፖዝ አደረገ፤ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ። የሰማነው የእርሱን ወገን ብቻ ነው። «አቤት።» «ደህና ነኝ።» ዝም አለ። «አለች። ተኝታለች።» ደግሞ ዝም አለ። «አይ፣ አላለቀሰችም። ላምጣት?» መልሱን ሳይጠብቅ ስልኩን እንደያዘ ወደ ውስጥ ገባ፤ ልጅቷንም ከነእንቅልፏ ታቅፎ አመጣት።

በዚያው ክረምት ቤተሰቡ አባትየው ወዳለበት ሄደ። አሁን በስልክ እንገናኛለን፤ ልጁ ድምፁ ጎርንኗል። ሲሄድ ጌሙን ይዞ እንዲሄድ ብለምነው የሰንበት ትምህርት ንብረት ነው ብሎ እምቢ አለኝ። ከእርሱ ተራ ለሚቀጥለው ልጅ ግን የሕፃኑን ሙሴን መንገድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በወረቀት ሥሎለት ሄደ፤ የት እንደሚዘለል፣ የት እንደሚጠበቅ፣ ጽላቶቹ የት እንዳሉ። መወርወሪያውን ቁልፍ አልጻፈም።

ፕሮግራማችን ሲመለስ የጌሟ ባትሪ አብጦ ክዳኑን ገፍቶ አገኘሁት። በቁም ሣጥን ትቼው ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኦቦ ቅዳሜ ከሰዓት መጡ፤ ከኪሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ባትሪዎች አወጡ። የልጃቸው ልጅ ሱቅ ውስጥ ተርፎ ነው አሉ። ከትተን አበራነው፤ ያቺ አንድ ቁራጭ ዜማ ጀመረች። ልጆቹ ገና አልመጡም ነበር። ኦቦ ግራ ቀኝ አዩና «እስቲ» ብለው ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን አደረጉ። ዳዊትን መረጡ። የመጀመሪያዋን በግ ሳያነሡ አንበሳው ጣላቸው።